የሉል ይዘት፦ ቀመሩ ይቅደም ወይስ ማየቱ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ የምታስተምሩ፣ ልጆቻችሁን ቤት የምታስጠኑ ወይም ራሳችሁ ተማሪ የሆናችሁ፣ እስቲ በአንድ ነገር ላይ እንወያይ።

የሉል ይዘት ቀመር ይህ ነው፦ ይዘት = 4/3 × ፓይ × ሬዲየስ³። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። ቁጥር ሲሰጣቸው ይተኩና ያባዛሉ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ 4/3ን 3/4 ያደርገዋል። ሌላው ኩቡን ትቶ ካሬ ይጽፋል። አይፈረድባቸውም። 4/3 ከየት እንደመጣ የነገራቸው የለም።

የእኔ አቋም ቀመሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ የሚል ነው። መጀመሪያ ሉሉን ልክክ አድርጎ የሚይዝ ሲሊንደር ይዩ። የሲሊንደሩ ሬዲየስ ከሉሉ ሬዲየስ ጋር እኩል ነው። ቁመቱ የሉሉ ዲያሜትር ነው፤ ማለትም ሁለት ሬዲየስ። የሲሊንደርን ይዘት ቀድመው ተምረዋል፦ የመሠረቱ ስፋት ሲባዛ በቁመቱ። ስለዚህ ፓይ × ሬዲየስ² × 2 × ሬዲየስ ይሆናል። ሲሰበሰብ 2 × ፓይ × ሬዲየስ³ ነው። ሉሉ የዚህ ሲሊንደር ሁለት ሦስተኛ ነው። የ2 ሁለት ሦስተኛ ደግሞ 4/3። ቁጥሩ የመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ሁለት ሦስተኛ መሆኑን ለልጆች በምን ታሳያላችሁ? ወይስ ጊዜ ማባከን ነው ትላላችሁ?

ብዙ ምላሽ መጣ። ቃል በቃል ማስፈሩ ስለሚረዝም የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በየቁጥሩ አቀርባለሁ። የራሴን አስተያየትም መሀል መሀል ጣል አደርጋለሁ።

1ኛ ምላሽ፦ መምህርት ናት። ከሰላምታና ከምስጋና በኋላ የምታደርገውን አስረዳች። ኳስ ልክክ ብሎ የሚገባበት፣ ቁመቱም ከኳሱ ጋር እኩል የሆነ ግልጽ ዕቃ ታዘጋጃለች። ጎኑን በሦስት እኩል ከፍላ በቀለም ታሰምራለች። ዕቃውን ሰፋ ባለ ሳህን ላይ አስቀምጣ እስከ አፉ ውሃ ትሞላለች። ከዚያ ኳሱን ቀስ አድርጋ እስከ ታች ትጫነዋለች። ውሃው ይፈሳል። ኳሱን ከማውጣቷ በፊት ግን ልጆቹን ታስገምታለች። ስንት ይቀራል? ብዙዎቹ ግማሽ ይላሉ አለች። ኳሱ ሲወጣ ውሃው ታችኛው መስመር ላይ ይገኛል። አንድ ሦስተኛ ቀረ ማለት ነው፤ ኳሱ ሁለት ሦስተኛውን አስወጥቷል። ማስገመቱ ላይ አጥብቃ ነው የጻፈችው። የገመተ ልጅ መልሱን ለማየት አንገቱን ያሰግጋል፣ ያልገመተ ግን ውሃ ሲፈስ ብቻ ያያል ትላለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

2ኛ ምላሽ፦ አመሰገነና እንዲህ ያለ ዕቃ ከየት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። ኳስ ሲገኝ ዕቃው ይሰፋል፣ ዕቃው ሲገኝ ኳሱ ያንሳል አለ። እውነቱን ነው።

3ኛ ምላሽ፦ ለ2ኛው መልስ ሰጠ። ዕቃ መፈለግ ትተህ ራስህ ሥራው አለው። ያረጀ የላስቲክ ኳስ እኩል ለሁለት ይቆረጣል። ከወፍራም ወረቀት ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው ሬዲየሱ ከኳሱ እኩል፣ ቁመቱም አንድ ሬዲየስ የሆነ ሲሊንደር ነው። ሁለተኛው በዚያው ሬዲየስና በዚያው ቁመት የተሠራ ኮን ነው። ወረቀት ውሃ ስለማይችል ደቃቅ አሸዋ ይሁን። በኮኑ ሁለት ጊዜ ሲሰፈር ግማሽ ኳሱ ይሞላል። ሦስት ጊዜ ሲሰፈር ሲሊንደሩ ይሞላል። ኮን 1፣ ግማሽ ሉል 2፣ ሲሊንደር 3።

ቀጥሎ ያነሳውን ነገር ወድጄዋለሁ፤ ሠርቶ ያየ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮኑ ላይ ነው ይላል። ሬዲየሱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮን ለመሥራት በ5 ሴንቲ ሜትር ክብ መቁረጥ አያስኬድም። ወረቀቱ ሲጠቀለል የክቡ ሬዲየስ የኮኑ ሰያፍ ጎን ነው የሚሆነው። ጎኑ ደግሞ በፓይታጎረስ ሲሰላ 7.07 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ7.07 ክብ ይነሳል። ከ360 ዲግሪው 255 ዲግሪ ያህሉ ተወስዶ ይጠቀለላል። ለማጣበቂያ ትንሽ ጠርዝ መተው አይረሳ። በ5 ቆርጠው ሦስት ጊዜ ሰፍረው አልሞላ ያላቸው ሰዎች ሒሳቡን ሳይሆን መቀሱን ይመርምሩ አለ።

4ኛ ምላሽ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ሞቀ። ጸሐፊው መምህር ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ለርዕሱ የሚሰጠውም አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው አለ። ፈተናው 4/3 ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሬዲየሱን ይሰጥና ይዘቱን ይጠይቃል፣ አበቃ። ቀመሩን በቃሉ የያዘ ልጅ ያልፋል። ውሃና አሸዋ መጫወት ያማረው በዕረፍት ሰዓቱ ይጫወት ብሎ ደመደመ።

5ኛ ምላሽ፦ ለ4ኛው የተጻፈ ነው፤ ጨዋ ቢሆንም ፈርጠም ያለ ነው። የፈተና ወረቀት ሲያርም የሚያጋጥመውን ዘረዘረ። ሬዲየስ ኩብን ሬዲየስ ሲባዛ በ3 አድርጎ የሚያነብ አለ። 27 ሊያገኝ የሚገባው ልጅ 9 ይዞ ይቀጥላል። ዲያሜትር ሲሰጠው ሳያጋምስ የሚያስገባም አለ። ይህኛው መልሱን 8 እጥፍ ያደርገዋል። ዲያሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኳስ በትክክል ሲሰላ 113.04 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። 6ን እንደ ሬዲየስ የወሰደ ልጅ 904.32 ያገኛል። ይህ ኳስ ግን እያንዳንዱ ጎኑ 6 የሆነ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የሳጥኑ ይዘት 216 ነው። ከሳጥኑ በአራት እጥፍ የሚበልጥ ኳስ እንዴት ሳጥኑ ውስጥ ገባ? ኳሱን በዓይኑ ያየ ልጅ ይህን ይጠይቃል፣ የሸመደደ አይጠይቅም ነው ክርክሩ። መጨረሻ ላይ ለጀማሪ ሬዲየስ 3 ጥሩ ምሳሌ ነው አለ፤ 27 ለ3 ይካፈላል፣ መልሱም 36 × ፓይ ሆኖ ጥርት ይላል።

6ኛ ምላሽ፦ አጭር ነው፣ ግን በውይይቱ ውስጥ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። በ5ኛው ክርክር እስማማለሁ፣ ሬዲየስ 3 ግን ወጥመድ ነው አለች። የሉል የገጽታ ስፋት 4 × ፓይ × ሬዲየስ² ነው። ሬዲየሱ 3 ሲሆን እሱም 36 × ፓይ ይመጣል። ሁለቱን ቀመር ያምታታ ልጅ ትክክለኛውን ቁጥር ያገኛል። መምህሩ ትክክል ብሎ ያልፈዋል። ልጁም ስህተቱን ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ አንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ፣ ሌላው ሴንቲ ሜትር ኩብ መሆኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ብዙ ልጅ አይጽፈውም። በ3 ፋንታ 6 ይሁን፦ ስፋቱ 144 × ፓይ፣ ይዘቱ 288 × ፓይ። እንዲህ ሲሆን የተምታታው ወዲያው ይለያል። 5ኛው ተመልሶ መጥቶ አመሰገናት፣ ምሳሌውንም እቀይራለሁ አለ።

7ኛ ምላሽ፦ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጆቼ ብለው ጀመሩና ሁለት ሦስተኛውን ማን እንዳገኘው አስታወሱን። ግሪካዊው የሒሳብ ሰው አርኪሜዲስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን፣ ሲሲሊ ደሴት ባለችው በሲራኩስ ከተማ። ብዙ ነገር የሠራ ሰው ነው፤ መቃብሩ ላይ እንዲቀመጥለት የፈለገው ግን ሲሊንደር ውስጥ ያለ ሉል ነበር። ሮማዊው ሲሴሮ ሲሲሊ ውስጥ ባለሥልጣን ሳለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ75 ዓመት ገደማ፣ ቁጥቋጦ የዋጠውን መቃብር ፈልጎ ያገኘው በዚያ ቅርጽ ለይቶ ነው። አንድ ነገርም ጨመሩልን። ሁለት ሦስተኛው ለገጽታ ስፋትም ይሠራል። የሲሊንደሩ ሙሉ ገጽታ፣ ላይና ታቹ ተጨምሮ፣ 6 × ፓይ × ሬዲየስ² ነው። የሉሉ 4 ነው። ልጆች ይህን ራሳቸው እንዲያገኙት ተዉላቸው ብለው ፈረሙ።

8ኛ ምላሽ፦ መምህሩን በአክብሮት አመስግኖ ታሪኩ በግሪክ አያበቃም አለ። በቻይና ሊዩ ሁይ የተባለው የሒሳብ ሰው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በዘመኑ የነበረው የሉል ስሌት ትክክል እንዳልሆነ አሳየ። ትክክለኛውን ግን አላገኘውም፤ ለሚችል ሰው ትቼዋለሁ ብሎ ጻፈ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዙ ቾንግዢና ልጁ ዙ ጌንግ ደረሱበት። የተጠቀሙበት ሐሳብ በአውሮፓ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሰው ካቫሊየሪ በ1635 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ይታወቃል። ሁለት አካላት በእኩል ከፍታ ሲቆረጡ የቁራጮቹ ስፋት ሁልጊዜ እኩል ከሆነ፣ ይዘታቸውም እኩል ነው።

9ኛ ምላሽ፦ 4ኛው ተመለሰ። ውይይቱ ፈር ለቀቀ፣ የታሪክ ክፍል ሆነ፣ ነገ ፈተና ያለበት ልጅ ከመቃብር ምን ያገኛል አለ። 8ኛው ደግሞ ማንም አንብብ ብሎ አላስገደደህም ብሎ መለሰለት። እኔ ገብቼ ሁለቱንም በመልካም ቃል ወደ ጉዳዩ መለስኳቸው።

10ኛ ምላሽ፦ የ8ኛውን ሐሳብ ይዞ ለልጆች በሚገባ ቁጥር አሳየ። ረጅም ነበር፣ ግን እያንዳንዱ መስመር ይጠቅማል። ሬዲየሱ 5 የሆነ ግማሽ ሉል ጠረጴዛ ላይ ይደፋ። አጠገቡ ሬዲየሱም ቁመቱም 5 የሆነ ሲሊንደር ይቁም። ከሲሊንደሩ ውስጥ ኮን ተፈልፍሎ ይውጣ፤ የኮኑ ሹል ጫፍ ታች፣ አፉ ላይ። አሁን ሁለቱንም በ3 ከፍታ ላይ አግድም እንቁረጣቸው።

የግማሽ ሉሉ ቁራጭ ክብ ነው። ሬዲየሱ በፓይታጎረስ ይገኛል፦ 25 ሲቀነስ 9፣ 16 ነው፤ ስለዚህ ሬዲየሱ 4። ስፋቱ 16 × ፓይ። የሲሊንደሩ ቁራጭ ደግሞ መሀሉ የተበሳ ክብ ነው። ሙሉው 25 × ፓይ ነው። ቀዳዳው በ3 ከፍታ ላይ ሬዲየሱ 3 ነው፣ ስፋቱም 9 × ፓይ። 25 ሲቀነስ 9፣ 16። እኩል ሆኑ። በ4 ከፍታ ይሞከር፦ ሉሉ 9፣ ሲሊንደሩም 25 ሲቀነስ 16፣ 9። ታች መሠረቱ ላይ ሁለቱም 25። አናቱ ላይ ሁለቱም ዜሮ። በየትኛውም ከፍታ ቢቆረጥ አይለያዩም። እንግዲህ ግማሽ ሉል ማለት ሲሊንደር ሲቀነስ ኮን ነው። ኮን የሲሊንደር አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ሁለት ሦስተኛ ይቀራል። የዚህ ዕድሜ ልጅ ፓይታጎረስን ካወቀ የሚከብደው ነገር የለም ብሎ ጨረሰ። ሠንጠረዡን ልጆቹ ራሳቸው ይሙሉት የሚል ምክርም አለው፤ አንዱ የሉሉን ዓምድ፣ ጓደኛው የሲሊንደሩን ይሥራና መጨረሻ ላይ ያስተያዩ።

እኔ ከዚህ በኋላ ስለ ማስረጃ የምጠይቀው አልነበረኝም።

11ኛ ምላሽ፦ ማስረጃ ማለት የ10ኛው ነው፣ የ1ኛዋ ግን አይደለም አለ። ውሃ ዕቃ ላይ ይቀራል፣ ኳሱም ትንሽ ይጨመቃል። 0.66 ይሁን 0.65 በውሃ አይለይም። ለልጅ ልኬትን ማስረጃ ነው ማለት ማሳሳት ነው ሲል ጠንከር አድርጎ ጻፈ።

12ኛ ምላሽ፦ 1ኛዋ ናት። ማስረጃ ነው ብዬ አልጻፍኩም፣ መልሰህ አንብብ አለችው። ውሃው ጥያቄውን ያስነሳል፣ ቁራጩ ይመልሰዋል። ሁለቱም ቦታ አላቸው። ቅር እንዳላት ያስታውቃል፤ እኔም እውነቷን ነው እላለሁ።

13ኛ ምላሽ፦ በልኬት ለሚያምኑ አንድ መላ ሰጠ። ኳስ ከሌለ ብይ ይበቃል። የአንድ ብይ ዲያሜትር በማስመሪያ መለካት አስቸጋሪ ነው። 10 ብይ በሁለት መጻሕፍት መሀል በመስመር ተደርድሮ ይለካ። 16 ሴንቲ ሜትር ቢመጣ የአንዱ ዲያሜትር 1.6፣ ሬዲየሱ 0.8 ነው። በቀመሩ የአንዱ ይዘት 2.14፣ የ10ሩ 21.4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚያ 10ሩም መስፈሪያ ሲሊንደር ውስጥ ይግቡ፤ ውሃው 21 ሚሊ ሊትር ገደማ ከፍ ይላል። በአንድ ብይ ግን አይሞከር አለ። ዲያሜትሩን 1.6 በማለት ፋንታ 1.7 ያለ ሰው ይዘቱን በ20 በመቶ ያበዛዋል። በኩብ ሲሆን ትንሽ ስህተት ያብጣል።

14ኛ ምላሽ፦ ስለ ፓይ አነሳች። ጥያቄው የትኛው ፓይ እንደሆነ ይናገር አለች። ሬዲየሱ 21 ሲሆን በ22/7 የሠራ ልጅ 38,808 ያገኛል። በ3.14 የሠራው 38,772.72። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ይጣላሉ። የባሰው 4/3ን 1.3 ብሎ ማሳጠር ነው። በ3.14 ሲሠራ መልሱ 37,803 ገደማ ይወርዳል፤ ወደ 970 ጎደለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ሁሉም ይባዛ፣ ለ3 ማካፈሉ መጨረሻ ላይ ይሁን።

15ኛ ምላሽ፦ ስለ ጠረጴዛ ቴኒስ ነው። ኳሱ በ2000 እ.ኤ.አ. ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አደገ። ዲያሜትሩ የጨመረው 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ይዘቱ ግን 17 በመቶ። ከዚያ ጨዋታው ቀዘቀዘ አልቀዘቀዘም የሚል ክርክር ተነሳ። እሱን ዘልዬዋለሁ።

16ኛ ምላሽ፦ የምድርን ይዘት አስልታ አመጣች፤ ሬዲየሷን 6,371 ኪሎ ሜትር አድርጋ። አንዱ ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም፣ በምድር ወገብ 6,378፣ በዋልታ 6,357 ነው አላት። አማካዩን ነው የወሰድኩት አለችው። ተግባቡ።

17ኛ ምላሽ፦ እንደገና 4ኛው። በጊዜው ጉዳይ ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም። የ5ኛውን ሳጥን ግን ወስዶታል። ሉል ልክክ ብሎ ከሚገባበት ሳጥን 52 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ፓይ ሲካፈል ለ6 ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩን ኩብ አድርጎ ማጋመስ፣ መልሱ ከዚያ ትንሽ ከፍ ማለቱን ማየት። ለ6 ሴንቲ ሜትር ኳስ 216 ሲጋመስ 108፣ ትክክለኛው 113። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ አለ። እኔ በጊዜው ጉዳይ አሁንም ከእሱ ጋር አልስማማም፤ ይህ ማረጋገጫ ግን ግሩም ነው።

18ኛ ምላሽ፦ ተማሪ ነው። ይቅርታ ጠይቆ የቤት ሥራውን አቀረበ። ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ የውጭ ሬዲየሱ 5፣ የውስጡ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። የተሠራበት ነገር ይዘት ስንት ነው? እሱ 5 ሲቀነስ 4 አንድ ነው ብሎ ቀመሩ ውስጥ አስገብቶ 4.19 አግኝቷል። የመልስ ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል።

19ኛ ምላሽ፦ 6ኛዋ መለሰችለት። የቀነስከው ሬዲየስን ነው፣ መቀነስ ያለበት ይዘት ነው አለችው። አንተ ያሰላኸው ሬዲየሱ 1 የሆነች ሚጢጢ ኳስ ነው። 5 ኩብ 125፣ 4 ኩብ 64፣ ልዩነቱ 61። አሁን በ4/3 እና በፓይ አባዛው። መልሱን አልሰጠችውም፤ ይህንንም ወድጄላታለሁ።

20ኛ ምላሽ፦ ተማሪው 255.39 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዞ መጣ። አሃዱን ኩብ ብሎ ጽፏል። በዚያው የውስጡን ባዶ ቦታም አስልቶ 267.95 አገኘ። 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚወፍረው ግድግዳ ከባዶው ቦታ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው ብሎ ተደነቀ። ፍጹም እኩል እንዲሆኑ ግድግዳው ምን ያህል ይወፍር ሲል ጠየቀ።

21ኛ ምላሽ፦ ይህን የመለስኩት እኔ ነኝ። እኩል እንዲሆኑ የውጭው ሉል የውስጡ እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ የውጭው ሬዲየስ ኩብ 64 ሲባዛ በ2፣ 128 ነው። ኩቡ 128 የሚሆነውን ቁጥር በካልኩሌተር እየሞከርክ ፈልግ፤ 5 ያንሳል፣ 5.1 ይበዛል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ 5.04 ብሎ ጻፈ።